ኳስ የነካ አይከሰስም

ባለፈው ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሄድኩት የአንድ ሽማግሌ ቀብር ስለነበረብኝ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ቅባት መቀባት ጀመረ። ስፖርተኞች ጡንቻቸው ሲኮማተር የሚቀቡት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነጭ ቅባት ነው። ከኋላ የተቀመጡት «ኧረ መስኮት ክፈቱ፣ ልንታፈን ነው!» ሲሉ ረዳቱ «ቡሬ ስትደርሱ የበርበሬው ሽታ ያስረሳችኋል» ብሎ ቀለደ። ይህ ሽታ ለእኔ የቢሮ ሽታ ነው። ሌላው ሰው የጠበቃ ቢሮ ሲባል ወረቀትና የማኅተም ቀለም ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔ የሠራሁበት የጠበቃ ቢሮ ግን የሚሸተው ይህን ቅባት፣ የደረቀ ላብ፣ የበሰለ ማንጎና የጎማ ኳስ ነበር። ማንኩሳን እስክናልፍ በመስኮት እያየሁ ጠበቅሁ፤ ምናልባት አሁን አለቅስ ይሆናል ብዬ። አላለቀስኩም። ያኔ ጠበቃው ሲቀበርም አላለቀስኩም። ሰው «ደረቅ ናት» ይለኛል፤ ይበል።

የጠበቃው ስም ጋሽ ታራስ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው፤ እሱ ግን አይወድም። «ሜዳ ላይ አንቱታ የለም። ‹እባክዎ ኳሷን ያቀብሉኝ› ብለሽ እስክትጨርሺ ጎል ይገባብሻል» ይል ነበር። ስለዚህ እዚህ እሱ እለዋለሁ፤ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። አባቱ የቡሬ ሰው ናቸው። ብዙ የሀገራችን ወጣት ለትምህርት ወደ ሶቪየት ይላክ በነበረበት ዘመን ለእርሻ ትምህርት ኪየቭ ሄደው፣ ዲግሪያቸውን፣ ዩክሬናዊት ሚስታቸውንና የአምስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ተመለሱ። ሚስትየዋ ኦክሳና ይባላሉ፤ ቡሬ አሳጥሮ «እትዬ ሳና» አላቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ መረብ ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ቡሬ ተማሪ ቤት ስፖርት ያስተምሩ ነበር፤ እናቴም ተምራባቸዋለች። መጀመሪያ ቀን በቁምጣ ሜዳ ሲወጡ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፣ በማግሥቱ ደግሞ መልሰው አዞሩ እያለች ትስቃለች። ጓሯቸው ቀይ ሥር ተክለው ደም የመሰለ ሾርባ ሲሠሩ ጎረቤት በጾም ሥጋ ይበላሉ ብሎ አምቷቸው ነበር፤ ቀምሶ እስኪያየው ድረስ። ዛሬ ቡሬ ገበያ ላይ ከበርበሬው ጎን ቀይ ሥር ሲደረደር ማን እንዳስለመደው የሚያስታውስ የለም። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት።

ልጁ የእናቱን ቁመትና የአባቱን አንደበት ወሰደ። ቆዳው የነጣ፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ ጸጉሩ የጤፍ ጭድ የመሰለ ነው። እንግዳ ሰው ፈረንጅ መስሎት በእንግሊዝኛ ሲያናግረው «እንዴት ከረምክ ወንድማለም፣ ከብቱ ደህና ነው? አዝመራውስ?» ብሎ ሲመልስለት የሰውየው አፍ ተከፍቶ ይቀራል። ሕግ ተምሮ ትልቅ ከተማ መቅረት ሲችል፣ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የቆርቆሮ ክፍሎች አንዷን ተከራየ። ሚስት አላገባም፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄው «ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ነኝ፣ ማን ታገኘኛለች?» ብሎኛል። ዓመት ከዓመት የሚለብሰው ሰማያዊ ቱታ ነው፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያለው፣ ጉልበቱ ያለቀ። ችሎት ያለ ቀን ከላይ ካባውን ይደርብበታል፤ ከሥር ግን ሸራ ጫማው ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ዳኛው ተቆጥተው «ጠበቃ፣ ጫማ የለህም?» ቢሉት፣ «አለኝ ክቡር ዳኛ፤ ግን ደንበኛዬ ከተፈረደበት ከዘመዶቹ ሮጬ የማመልጠው በዚህ ነው» ብሎ ችሎቱን ሁሉ አሳቀው።

ያኔ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ካሴት እየቀረ ሰው በስልኩ ዘፈን የሚያስጭንበት ዘመን ስለነበር ባለቤቱ አሮጌዎቹን ካሴቶች በር ላይ እንደ ጌጥ ሰቅሏቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት የማሲንቆ ዘፈን ከፍ አድርጎ ይለቃል፤ ጋሽ ታራስ ከሩጫ ሲመለስ እዚያ ቆሞ ትከሻውን አንድ ሁለቴ ነቅንቆ ያልፋል። ሻይ በሁለት ብር ነበር። ማንጎ ወቅቱ ሲሆን በየደጁ በቁልል ይሸጣል፤ ከተማው ሁሉ እጁ ቢጫ ነው። አሁን ያ ጥግ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ሻይ ስንት እንደገባ ባልናገር ይሻላል። ጋሽ ታራስ እሑድ እሑድ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ግን አለ። እሑድ ጠዋት ብታልፉ ልጆቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ «ራዝ፣ ድቫ፣ ትሪ!» እያሉ ሲቆጥሩ ትሰማላችሁ። ከየት እንደመጣ ብትጠይቋቸው «የስፖርት ቋንቋ ነው» ይሏችኋል። የእትዬ ሳና ቁጥር ነው። ጋሽ ታራስ ከእናቱ ቋንቋ ያልረሳው ይህን ብቻ ነበር፤ ወደዚያ አገር ተመልሶ አያውቅም። የእናቱ አገር ስም ከጦርነት ጋር በየቴሌቪዥኑ መጠራት በጀመረ ጊዜ የቡሬ ሰዎች ድንች ወጥና እንጀራ ተሸክመው ለቅሶ ሊደርሱት ቢሮው ድረስ መጡ። «አገርህን እንዲህ ያደርጓት?» ብለው ተቀመጡ። እሱ መሀላቸው ተቀምጦ ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየና ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ማን ሞተብኝ ብዬ ነው የምቀመጠው?» አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እኔ ሳህን ላነሣ ወጣሁ።

አገር ያወቀው ግን በአንድ ደንቡ ነው፦ አብሬው ኳስ በተጫወትኩት ሰው ላይ ፍርድ ቤት አልቆምም። ገና ሥራ ሲጀምር አብሮት የሚጫወት ሰው ላይ ቆሞ ረታውና የሚቀጥለው እሑድ ሰውየው ኳስ ሊያቀብለው እግሩ እንቢ አለው። ያን ቀን ነው ለራሱ የማለው። ይህ ለራሱ ያወጣው ደንብ ነበር፤ ሰው ሲሰማው ግን የአገር ሆነ። የእኛ አገር ሰው ክርክር ይወዳል፤ ደንብ ከሰማ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ነገር ያለበት ሁሉ ባለጋራው ጋሽ ታራስን ጠበቃ ከማቆሙ በፊት ሮጦ ኳስ መንካት ጀመረ። አንድ እሑድ አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ ዱላቸውን እንደያዙ ሜዳው መሀል ገቡ።

«የታል ኳሱ?»

«አባባ፣ ጨዋታ ላይ ነን፣ ይውጡ!»

«እኔስ ለለቅሶ መጣሁ? ወዲህ በላት አንድ ጊዜ።»

ጋሽ ታራስ ገባውና እየሳቀ ኳሷን ቀስ አድርጎ አንከባለለላቸው። በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። ወደ ተመልካቹ ዞረው «አያችሁ አይደል? መስክሩ!» ብለው መንገዳቸውን ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ባለጋራቸው ቢሮ ደረሰ። «ረፈደብህ» አለው ጋሽ ታራስ፤ «ትናንት ተጫውተናል።» ሰውየው ደግሞ የሚቀጥለው እሑድ መጥቶ ነካ። ከዚያ በኋላ ለአንዳቸውም መቆም ስለማይችል ሁለቱን ከጎሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አስታረቃቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራው ከጥብቅና ይልቅ ሽምግልና ሆነ። «ኳስ የነካ አይከሰስም» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። የተጫወተ ሰው ታረቀ ማለት ነው፤ እሱም አይከሰውም፣ ሰውየውም እሱን አይከስም።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው ቢሮው የገባሁት። አቤቱታ እጽፋለሁ፣ መጥሪያ አደርሳለሁ፣ ደንበኛ ሲያለቅስ ውሃ እሰጣለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ እሱም አይችልም፣ ለዚህ ይሆናል የተስማማነው። ግን ኳስ አልነካሁለትም። ከቢሮው በር ላይ ሆኖ ወደ እኔ ሲያንከባልላት እግሬን አነሣና አሳልፋታለሁ።

«ይታይሽ፣ አንቺ ልጅ ኳስ ትፈሪያለሽ?» አለኝ አንድ ቀን ስሜን ጠርቶ።

«አልፈራም። ከነካኋትማ ታረቅን ማለት አይደል? ነገ ቢያባርሩኝ በምን አፌ እከስዎታለሁ?»

«ትከሽኛለሽ?»

«እንዴታ! ጠበቃ ቤት የሠራሁት ለምኔ ነው?»

በሳቅ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲገባ ሰላምታው «ክስሽ ደረሰ?» ሆነ። እኔም «ማስረጃ እያሰባሰብኩ ነው» እለዋለሁ። በየቀኑ ነው፣ አይሰለቸውም። እኔንም አልሰለቸኝም፤ ያኔ ግን የሰለቸኝ ይመስለኝ ነበር።

ከእኔ ሌላ ከዚህ ሁሉ አገር አንድ ሰው ብቻ ኳስ ሳይነኩ ቀሩ፤ ቅዳሜ የቀበርናቸው አያ እንየው። ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፣ የጋሽ ታራስ አባት ወዳጅ፣ የእሱም የክርስትና አባት። የሟች ወንድማቸው ሚስት ባሏ የተወላትን መሬት አረሱብኝ ብላ መጣች። ሌላ ሰው አልነበራትም። ጋሽ ታራስ ጉዳዩን ወዲያው አልያዘም። «እስቲ ትንሽ ታገሺኝ» አላትና እሑድ እሑድ ሜዳ ላይ እየተጫወተ ዓይኑ መንገዱ ላይ ዋለ። አያ እንየው እንደሚመጡ፣ ነካ አድርገዋት ከጎሉ ጀርባ እንደሚቀመጡ ተስፋ አድርጎ ነበር። አልመጡም።

«የክርስትና አባትዎ አይደሉም እንዴ? አልችልም ብለው ይተዉታ» አልኩት።

«ምን ልበላት? ዘመዴ ናቸውና አንቺ ተበደዪ ልበላት? ኳሷ ለሁሉም እኩል ናት። ሜዳው ክፍት ነው። ይምጡ።»

አልመጡም። ቆመባቸው፣ ረታቸው። ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ አያ እንየው በአጠገባችን አለፉ፤ አላዩትም። እሱ ካባውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠና «ከሁሉም ሰው የከበሩት እሳቸው ናቸው። ኳስ ነክተው ለማምለጥ አልፈለጉም» አለ። እኔ ያኔ አመንኩት። ተሳስቷል።

ጋሽ ታራስ የሞተው በኅዳር ነው፣ ጠዋት፣ በማንኩሳ መንገድ ሲሮጥ። ልቡ ናት አሉ። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኙት፤ ያረፈ መስሏቸው ሰላም ብለውት ሁሉ አልፈዋል። ሬሳው ወደ ቡሬ ሄዶ፣ ከአባቱና ከእናቱ ጎን እንዲያርፍ ተወሰነ። እድርተኛው ድንኳን ተከለ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። እኔ የቢሮውን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ እያሻሸሁ ቆሜ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። አንድ ሰው መጥቶ «የደብሩ አለቃ ይፈልጉሻል» ሲለኝ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የምሄድበት አገኘሁ።

አለቃው ከፈረስ ቤት ከተማ የመጡ፣ ቡሬን ከያዙ ብዙም ያልቆዩ አባት ናቸው። ደግ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ የንስሐ አባት ነበረው?»

«አልነበረውም። እሑድ ጠዋት ሲሮጥ ነው የሚውለው፣ አባታችን።»

«ክርስትናውስ?»

«እዚሁ ተነሣ ይባላል።»

«‹ይባላል› ብለን ፍትሐት አናደርስም። እናቱ የሌላ አገር ሰው ናቸው። ክርስትና ሲነሣ የነበሩት ካህናት አርፈዋል። ለእሱ ክፉ አስቤ አይደለም፤ እኔ ራሴ የደብሩ የመሬት ነገር የመጣ ጊዜ ሄጄ ኳሱን ነክቻለሁ።» ፈገግ አሉ። «ግን ጸሎቱ ላይ ስሙን ምን ብዬ ልጥራው? ታራስ ብዬ? የክርስትና ስሙን የሚያውቅ፣ በዓይኑ ያየ አንድ ሰው አምጪልኝ። ካልሆነ የሚቀበረው ከቅጥሩ ውጭ ነው።»

ከቅጥሩ ውጭ። አባቱና እናቱ ውስጥ፣ እሱ ውጭ። በሕይወት ያለው ምስክር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የረታቸው ሰው። ባጃጅ ያዝኩና ሄድኩ፤ መንገዱ ሲያልቅ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። እሱ ቢያየኝ «አየሽ፣ ስትፈልጊ ትሮጫለሽ» ይለኝ ነበር።

አያ እንየው ደጃቸው ላይ በርበሬ አስጥተው በዱላ ያገላብጣሉ። ግቢው ሁሉ ቀይ ነው።

«ደህና ዋሉ አያ እንየው።»

«እግዜር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

«የጠበቃው ጸሐፊ ነኝ።»

ማገላበጡን አላቆሙም። «ደግሞ ምን ቀረው የሚወስደው? በርበሬውን?»

«ሞተ።»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ከሩቅ ተጀምሮ፣ በዘዴ ነው። አውቃለሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ዱላቸው በርበሬው ላይ ቆመ። «ማን ገደለው?»

«ማንም። ሲሮጥ ልቡ ቆመች።»

«ሲሮጥ» አሉ። ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው፦ አለቃው ያሉትን፣ ከቅጥሩ ውጭ የሚለውን፣ ሁሉንም። አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እሱ አባቴ ናቸው ብሎ ሳይቆጥረኝ፣ እኔ ልጄ ነው ብዬ ልመስክር?»

«ቆጥሮዎታል። ከማንም በላይ። እሑድ እሑድ ሜዳ ላይ መንገድ መንገዱን እያየ ይጠብቅዎት ነበር። ኳሷን ቢነኩለት ኖሮ አይቆምብዎትም ነበር። ምን ነበረበት ቢነኩለት?»

ይህን ስል ተቆጡ። ብድግ አሉ፤ ዱላቸው ተንከባሎ በርበሬው ውስጥ ገባ።

«እኔ ልንካ? እኔ! ከዚህ አገር ሰው ሁሉ በፊት ከእሱ ጋር የተጫወትኩት እኔ አይደለሁም እንዴ! ክርስትና ሊነሣ ያመጣነው ቀን፣ ውሃውን ሲያይ ከእጄ ሾልኮ ሮጠ። እርቃኑን። ቄሱ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው፣ እኔ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞርኩ ሳባርረው፤ እሱ እየሳቀ፣ እኔም ኋላ ሳቄ መጣ። መቃብሩን ዘሎ፣ ዛፉን ዞሮ። ስይዘው ‹እንደገና!› አለኝ። በአማርኛ ገና ያን አንድ ቃል ነበር የሚያውቀው። ለቀቅኩት። እንደገና አባረርኩት። እናቱ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች። ታዲያ ይሄ ጨዋታ አይደለም? ከዚህ በላይ ምን ጨዋታ አለ? ሌላው ሰው ለጥቅሙ እየሄደ ይንካ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ? ቀድሜ ተጫውቻለሁ፣ ያስታውሳል ብዬ ተቀመጥኩ። ቆመብኝ! ረሳው!»

«የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፣ አያ እንየው።»

«እኔ አልረሳሁም» አሉ።

ዶሮ በርበሬው ላይ ወጥታ ስትጭር ማንም አላባረራትም። ሁለቱም ሲጠባበቁ ነበር፤ አንዱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ እዚህ መደብ ላይ። ይህን ሳስብ የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ያሰብኩት ግን ሰዓቱን ነው፤ ቀብሩ ሊደርስ ነው። ልለምናቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ወደ ቤት ዞረው «ኩታዬን አምጡልኝ» አሉ።

ስንደርስ ሬሳው ቅጥሩ በር ላይ ቆሟል። በእኛ አገር ለቅሶ የሟች ዕቃ ይወጣል፤ ለጀግና ጠመንጃውና ፈረሱ። ለእሱ ኳሷና ሰማያዊው ቱታ ወጥተው ነበር፤ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት ሰዎች ተሸክመዋቸዋል። አያ እንየው ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው አለፉና አለቃው ፊት ቆሙ።

«ይህ ልጅ ክርስትና የተነሣው በዚህ ደብር ነው። ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ ነው።»

«ይምላሉ?»

«ያባረርኩት በዚህ በር ነው። ምን ያስምለኛል?»

አንድ አሮጌ ቄስ ከኋላ «ቡሬ ባደረ ቁጥር ጎሕ ሲቀድ በሩን ሲሳለም እኔም አየው ነበር፤ ቱታ ስለለበሰ አይገባም እንጂ» አሉ። አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁና በሩን አስከፈቱ። ከዚያ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ጊዮርጊስ እያሉ ጸለዩ። ለእኔ የማላውቀው ሰው የሚቀበር መሰለኝ። ምናልባት ያላለቀስኩት ለዚያ ይሆናል፤ እንጃ።

ቢሮው አሁን የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ወንበር ላይ፣ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ እሠራለሁ። ቅዳሜ አያ እንየውን የቀበርናቸው እዚያው ቅጥር ውስጥ፣ ከጋሽ ታራስ ጥቂት ራቅ ብሎ ነው። ሰዉ ሲበተን ትንሽ ቀረሁ። ከእጄ ላይ ያ ቅባት ይሸተኝ ነበር፤ ከሚኒባሱ ወንበር ሳይሆን አይቀርም የነካኝ።

ያን የኅዳር ቀንም እንዲሁ ነበር የቀረሁት። አፈሩ ተመልሶ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ሰዉ ሊሄድ ሲል አያ እንየው «ኳሷን አምጧት» አሉ። ከተጫዋቾቹ አንዱ አምጥቶ እግራቸው ሥር አስቀመጣት። ጫማቸውን አወለቁ። ባዶ እግራቸውን ኳሷ ላይ አሳረፉና ወደ መቃብሩ ጎንበስ አሉ።

«ያችኛዋን ረሳሃት። ይህችን እንዳትረሳ። እኔም እየመጣሁ ነው፤ እዚያ ዳኛው ፊት ስቀርብ በወዲያ በኩል እንዳትቆምብኝ።»

የሚያለቅሰው ሁሉ ሳቀ፤ የሚስቀው መልሶ አለቀሰ። አያ እንየው ኳሷን ገፋ አደረጓት። በአፈሩ ላይ ቀስ እያለች፣ እየተንገዳገደች ወደ እኔ መጣች። ሰዉ ሁሉ ወደ እግሬ አየ። እግሬን አነሣሁና አሳለፍኳት።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ አያ እንየው።

«እኔ አልታረቅሁም» አልኳቸው። «ክስ አለኝ።»

ትንሽ አዩኝ። ጫማቸውን አደረጉ፣ ዱላቸውን ያዙ።

«እንግዲያስ ያዥው» አሉኝ። «ቀጠሮው ግን ሩቅ ነው።»